ጋዝ የፈሰሰበት ጉድጓድ

ይህን ነገር ለልጆቼ ቆራርጬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሙሉውን ግን ከባለቤቴ በቀር ለማንም አውግቼው አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ብዕር ስይዝ እጄ ዛሬም ቶሎ ይደክማል። ቢሆንም ሳልሞት አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ። ሁሉም ነገር የሆነው በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ስሜ ውዴ ነው፤ ከሦስቱ ቀን በፊት የነበርኩት ውዴና ከዚያ በኋላ የሆንኩት ውዴ ግን አንድ ሰው አይደሉም።

ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ጊዜ ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የሚባለው ከተማ ያኔ ወጀት ይባል ነበር። መንደራችን ከላህ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከደምበጫ ወደ ቡሬ የሚያልፈው መንገድ አጠገብ ነበረች። ጣሊያኖች መንገዱን ለማስጠበቅ በድንጋይ ካብ የታጠረ አነስተኛ ካምፕ ሠርተው ነበር፤ ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ ሳይ ባንዲራቸው ይታየኛል።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ባለቤቴ ሞላ ጫካ ከገባ ሁለተኛ ክረምቱ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን፣ የሦስት ዓመቷን ጥሩን፣ ባለፈው ጥቅምት ንዳድ ወስዷት አባቷ ሳይኖር ቀብሬያታለሁ። የቀረችኝ ገና የምትድኸው አዳነች ነበረች። ጠላ እየጠመቅሁ ለመንገደኛ እሸጥ ነበር። ይህ ሥራዬ በሁለቱም ወገን ያሳማኝ ነበር። የካምፑ ሰዎች "ባሏ ሽፍታ ነው፤ የምትሰማውን ሁሉ ትልክለታለች" ይላሉ። የመንደሩ ሰው ደግሞ "ለጣሊያን ወታደር ጠላ እየቀዳች ምን ስታወጋቸው ትውል ይሆን?" ይላል። ጠላ ሲጠጡ እንኳ እኔ ጓዳ ስገባ ሰዎቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ ጆሮ የምሰጥ እየመሰላቸው።

ነገሩ የጀመረው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ጠዋት ላይ ደጄን ስጠርግ ከካምፑ በኩል ሦስት ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ሁለቱ ጠመንጃ ያነገቱ አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ናቸው። ሦስተኛው መሣሪያ የለውም፤ በአንድ እጁ ቆርቆሮ ይዟል፣ በሌላው ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ። የገረመኝ አረማመዳቸው ነው። አንዱ አስካሪ እርምጃውን እየቆጠረ ነበር የሚመጣው። ቤቴን አለፍ ብሎ ቆመና በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ጭልፋ የያዘውን ሰውዬ በዓይን አውቀዋለሁ። ተስፋይ ይባላል፤ የሐማሴን ሰው ነው፤ ለካምፑ ሐኪም ቁስል ያጥብለታል፣ ያስተረጉምለታል። አማርኛው ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱን ቃል ግን ወደ ጉሮሮው ይጎትተዋል።

"ይህን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?" አለኝ ወደ ደጄ እያመለከተ።

ከቤቴ ፊት ለፊት ቤቱን ስንመርግ ጭቃ ያወጣንበት ጉድጓድ አለ። የቆፈረው ሞላ ነው። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይሞላል፣ እስከ ኅዳር አይደርቅም። በዚያ ዘመን ማን ቆፈረ፣ ማን ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ መጨረሻው አያምርም ነበር።

"የጭቃ ጉድጓድ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ነው የቆፈረው" ብዬ ዋሸሁ።

እሱ ግን ሌላ አልጠየቀኝም። ቁጢጥ ብሎ በጭልፋው ውሃ ጨለፈና ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየ። "ነይ እይ" አለኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ቀረብኩ። ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ትሎች ጭራቸውን እየቆሉ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ። በየዓመቱ አያቸዋለሁ፤ ከውሃው የሚፈጠሩ ናቸው ብዬ ትቻቸው ነበር።

"ቢንቢ የምትሆነው ይህች ናት። ወባ የምታመጣብሽ ደግሞ ቢንቢዋ ናት" አለኝ።

ሳቄ መጣ። ንዳድ ከዝናብ በኋላ ከመሬት የሚነሣ ትኩሳት ነው፤ የበቆሎ እሸት ያበዛም ይይዘዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን አልነበረም። ይህችን የምታክል ትንኝ ሰው ትገድላለች ማለት ለእኔ የሕፃን ጨዋታ ነበር። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ቆርቆሮውን ከፍቶ ከውስጡ አንዳች ነገር በውሃው ላይ አፈሰሰ። ፈሳሹ ተዘረጋና የውሃው ፊት እንደ ርግብ አንገት ቀለም ያወጣ ጀመር። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ጋዝ ነው" አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ጋዝ ሲባል ፋኖስና ምድጃ ነው የሚታያችሁ። ያኔ እኛ ጋዝ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአውሮፕላን የሚረጨው ነው። ወንድ ሁሉ ሲያወራ ሰምተናል፤ ቅጠል ላይ እንደ ጤዛ ይወርዳል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የነካው ቆዳ ይላጣል፣ የጠጣው ከብት ይወድቃል። የአክስቴ ልጅ ከዘመቻ ሲመለስ ጀርባው እንደ ተቃጠለ ቆዳ ነበር። ስለዚህ "ጋዝ ነው" ሲለኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። "የመብራት ጋዝ" ብሎ ጨምሮ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያዋ ቃል በኋላ የሰማሁት የለም።

ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ "ለጥቂት ቀን ከብት ባይጠጣው ይሻላል። ከነገ ወዲያ ተመልሼ አየዋለሁ። ከቻልሽ ግን ድፈኚው፤ አፈር ከጋዝ ይሻላል" አለኝ።

ጎረቤቴ አያ ደሴ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሰዎቹ እንደ ራቁ መጣና ጉድጓዱን ሳይሆን እኔን አየኝ።

"ምን ነበር የሚያወጋሽ?"

"ቢንቢ ነው የምገድለው ይላል።"

"ቢንቢ!" አለ አያ ደሴ። "ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሠራዊት ትንኝ ሊገድል! ከብት አይጠጣው ሲልስ ሰምቼዋለሁ። ምነው ሳቅሽለት ደግሞ?"

ያን ቀን አዳነችን ከጀርባዬ ሳላወርድ ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጩኸት ሰማሁ። የአያ ደሴ ጊደር ሞታ ተገኘች። ከኔ ጉድጓድ ስንዝር የማይርቅ ያህል አድርገው ነበር ያወሩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን የወደቀችው በእኔና በእሱ አጥር መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ነው። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። አያ ደሴ ራሱን ይዞ፣ "ጋዙ! ጋዙ ፈጃት!" ይላል። ሰው ተሰበሰበ። ከጊደሯ ይልቅ የሚታየው እኔ ነበርኩ።

ጥቂት ቆይቶ የሞላ ታላቅ ወንድም አያ ስመኘው ከላይኛው መንደር መጣ። አያ ስመኘው ለአርበኞች ስንቅና ወሬ የሚያቀብል ሰው ነው፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አይናገረውም። ቤቴ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አያ ደሴና ሌሎች ሁለት ሰዎች ተከትለውት ገቡ።

"ነገ ይመለሳል ብሏል አሉ" አለኝ።

"ብሏል፣ አያ።"

"መልካም። ሲመጣ ቤት ታስገቢዋለሽ። እዚህ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ። ጠላ ትቀጅለታለሽ። ከዚያ ወደ ደጅ ትወጪና ዶሮዎችሽን ትጠሪያለሽ። እኛ ከበቆሎው ውስጥ እንሰማለን።"

"አስካሪዎቹስ?"

"የእነሱን ለእኛ ተይው።"

"ኋላ መንደሩን ቢያቃጥሉትስ?"

አያ ስመኘው ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የወንድሙን ሚስት የሚያይ ሰው ዓይን አልነበረም። "ውዴ፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እያዘንሽለት ነው እንዴ?"

ወዲያው ገባኝ። የሚፈተነው ተስፋይ ብቻ አልነበረም። ነገ ዶሮዎቼን ብጠራ የአርበኛ ሚስት ነኝ፤ ባልጠራ ደግሞ ባንዳ ነኝ። ሞላም የሚሰማው ይህንኑ ነው።

"እጠራለሁ" አልኩ።

ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰውየው መርዘኛ ነው ብዬ ከልቤ አምኛለሁ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለመጠጣት ጊደሯ የጉድጓዱ አፍ ላይ መቆም አለባት። ከትናንት በስቲያ ዘንቦ ስለነበር ዙሪያው ለስላሳ ጭቃ ነው፤ የዶሮ እግር እንኳ ይታተምበታል። ሄጄ ዞርኩት። የተስፋይ ጫማ አለ። የእኔ እግር አለ። የዶሮዎቼ አለ። የከብት ኮቴ የለም።

ደግሜ ዞርኩ። የለም።

ከዚያ ጊደሯ ወደ ወደቀችበት ሄድኩ። ቆዳዋን ሊገፍፉ ቢላዋ ፍለጋ ሄደው ነበርና ማንም አልነበረም። አፏን በእንጨት ከፈት አደረግሁት። በጥርሶቿ መካከል ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ ማገጥ የሚባለው ሣር ተሰክቷል፤ ገና እርጥብ ነው። ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠዋት በጤዛው ማገጥ የጋጠች ከብት ሆዷ ይነፋል፣ ካልደረሱላት ትሞታለች። በመንደራችን ግጦሹ ሁሉ ተግጦ አልቆ ነበር። ያልተነካ ማገጥ የቀረው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ከብት ማስገባት ደግሞ ያስወግዛል።

አያ ደሴን ቢላዋውን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት።

"ምን ትፈልጊያለሽ ከጊደሬ አፍ?"

"ማገጥ በልታለች፣ አያ ደሴ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ቀረበኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለማን ልትነግሪ ነው? ለስመኘው? ለባንዳ መሰከረች ይሉሻል። ለልጅሽ እዘኚላት" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማንን ልጠርጥር? ጣሊያንን? አያ ደሴን? ወይስ የገዛ ዓይኔን? ቤቴ ገብቼ ሁለት ቅል አወጣሁ። በአንዱ ከደጄ ጉድጓድ ጋዙ የተንሳፈፈበትን ውሃ ቀዳሁ። በሌላው ከወንዙ ዳር ካለ ኩሬ ንጹሑን ውሃ ከነትሎቹ አመጣሁ፤ ከትሎቹም ከፊሉን ወደ ጋዙ ጨመርኩ። ጎን ለጎን አስቀምጬ ሥራዬን ትቼ ስመለከት ዋልኩ። ጋዝ ያለበት ውስጥ ያሉት እየወጡ ጭራቸውን ወደ አየር ሊያወጡ ይሞክራሉ፤ ከዚያ ይዝላሉ፤ ቀትር ሳይሞላ ሁሉም ታች ወርደው ቀሩ። በንጹሑ ውስጥ ያሉት ግን ይጫወታሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አንዷ፣ ቆልመም ያለችው፣ ውሃው ፊት ላይ ቆመችና ጀርባዋ ተሰነጠቀ። ከውስጧ እግር ወጣ። ክንፍ ወጣ። ቅርፊቷን እንደ ጀልባ ረግጣ ትንሽ ቆየችና በረረች፤ አዳነች ከተኛችበት በላይ ግድግዳው ላይ አረፈች። ቢንቢ ነበረች።

እንዴት እንደ ጮህኩ አላውቅም። በነጠላዬ መትቼ ገደልኳት። ከዚያ ግድግዳውን ሁሉ ማየት ጀመርኩ። ለካ ስንት ነበሩ!

አያ ስመኘው ወደ መንደሩ ሲመለስ በደጄ ያልፍ ነበርና ጠራሁት። ቅሎቹን አሳየሁት፤ ስለ ኮቴውም ነገርኩት። የማገጡን ነገር ግን አያ ደሴን ፈርቼ ዋጥኩት። አያ ስመኘው ሁለቱንም ቅል ለረጅም ጊዜ አየ። ሞኝ ሰው አልነበረም።

"እሺ፣ እውነት ነው እንበል" አለ። "እንዲያውም እውነት ከሆነ ይብሳል። ካምፑ ውስጥ ግማሹ በንዳድ ተጋድሟል፤ መትረየስ የሚሸከም ሰው እንኳ እንዳጡ ሰምተናል። ትንኟ ለኛ እየተዋጋችልን ነው። ታዲያ እሷን የሚገድልብንን ልንተወው ነው?"

"አያ፣" አልኩት፣ "ልጄን ጥሩን የወሰደችው ለማን ስትዋጋ ነው?"

አያ ስመኘው ጥሩን በእጁ ያሳደጋት ያህል ይወዳት ነበር። ሬሳዋን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ያደረሳት እሱ ነው። ፊቱን አዞረ። ከዚያ፣ "ነገ ዶሮዎቹን ትጠሪያለሽ" ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ገደማ ተስፋይ መጣ። ብቻውን ነው። ከኋላው አስካሪ አልነበረም። በበቆሎው ውስጥ አራት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቅጠሉ ነፋስ ሳይኖር ይነቃነቃል። እሱም ያየ መሰለኝ።

"አስካሪዎቹስ?" አልኩት።

"ሁለቱም በወባ ወድቀዋል።" ፊቱ ገርጥቷል፤ እሱም በቅርቡ ታሞ የተነሣ ይመስላል። ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይግቡና ጠላ ይቅመሱ" አልኩት።

በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን ቃኘ። ጀርባውን ለበሩ እንዲሰጥ ያዘጋጀሁትን ቦታ አልፎ ከጓዳው በኩል፣ ፊቱን ወደ ደጅ አድርጎ ተቀመጠ። ጠላ ቀዳሁለት። ዋንጫውን ተቀበለና መልሶ ዘረጋልኝ።

"ቅመሽልኝ።"

ቀመስኩለት። ተቀበለኝ። አልጠጣም። ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ እኔን ያየኛል፤ እኔ እሱን አያለሁ። ዶሮዎቼ በራፉ ላይ ይጭራሉ። መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣" አልኩት፣ "ይህን የምታደርጉልን አዝናችሁልን ነው?"

ሳቀ። ደስታ የሌለው ሳቅ ነው። "ለእናንተ? አይደለም እህቴ። ወታደሩ አለቀበት። ሐኪሙ ቢንቢ ከውሃዋ ብዙ ርቃ አትበርም አለ። ስለዚህ ከካምፑ ተነሥቶ በእርምጃ ተለካ። ቤትሽ ከልኩ ውስጥ ወደቀ። መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዘወር ብዬም አላየውም ነበር።"

ይህን ሲለኝ ነው ያመንኩት። ትገረሙ ይሆናል። አዝነንላችሁ ነው፣ ልንረዳችሁ ነው ቢለኝ ኖሮ በዚያችው ቅጽበት ወጥቼ ዶሮዎቼን እጠራ ነበር። ስለራሱ ጥቅም ሳያፍር ሲነግረኝ ግን እውነት እንደሆነ ጆሮዬ አወቀው።

ቢሆንም የእኔ ማወቅ ለበቆሎው ውስጥ ሰዎች አይበቃም። "እንግዲያው ከጉድጓዱ ይጠጡልኝ" አልኩት።

ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "የመብራት ዘይት ይጠጣል እንዴ? ያስታውካል፤ አንጀት ያቃጥላል። ከብት እንኳ አይጠጣው ብዬሽ አልነበረም?"

"አልጠጣም አለ!" የሚል ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ ሰማሁ። ጥሪውን አልጠበቁም። አያ ደሴ አሮጌ ጠመንጃውን ደግኖ ቀድሞ ገባ፤ አያ ስመኘው ተከተለው፤ ሁለቱ በሩን ዘጉት። ተስፋይ ከመቀመጫው አልተነሣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እኔን ብቻ አየኝ፤ ዓይኑ "እኔስ ጠርጥሬ ነበር" የሚል ይመስላል።

"ጊደሬን ገድለህ ልትጠጣ መጣህ?" ጮኸ አያ ደሴ።

"የምን ጊደር?"

አዳነች ማልቀስ ጀመረች። እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ እኔ በጠመንጃውና በሰውየው መካከል ቆሜያለሁ። አያ ስመኘው፣ "ውዴ፣ ዞር በይ!" አለ።

"እዞራለሁ። መጀመሪያ ግን አያ ደሴ አንዲት ነገር ይማሉልኝ።" እጄን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዘረጋሁ። "ጊደሬ ከዚህ ጉድጓድ ጠጥታ ነው የሞተችው ብለው በሚካኤል ይማሉ። ከማሉ እኔው ራሴ ዞር እላለሁ፤ ዶሮም አልጠራሁም ብዬ ጥፋቴን እቀበላለሁ።"

የልጄ ልቅሶ ብቻ ነው የሚሰማው።

"ማል እንጂ" አለ አያ ስመኘው።

አያ ደሴ የሚካኤልን ማኅበር ለዓመታት የሚጠጣ ሰው ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል አልወጣም። የጠመንጃው አፈሙዝ በትንሽ በትንሹ ወደ መሬት ወረደ።

"ምን ሆንክ? ማል!"

"ሣር አጥቼ ነው፣" አለ አያ ደሴ። "ጎሕ ሲቀድ ከሚካኤል ክልል አስገባኋት። ለአፍታ ብዬ ነበር። ስትነፋ ሳይ... ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ጋዙ አለ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።"

አያ ስመኘው ጠመንጃውን ከእጁ ነጠቀው። ይመታዋል ብዬ ነበር፤ አልመታውም። "ለጊደርህ ብለህ መንደር ልታስፈጅ!" አለውና ወደ ተስፋይ ዞረ። ነገሩ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው መርዘኛ ባይሆንም የጠላት ሰው ነው፤ ፊታቸውን አይቷል፤ ስማቸውን ሰምቷል። በአያ ስመኘው ፊት ላይ ሐሳቡ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁት።

"ስትመለስ ምን ትላለህ?" አለው።

"ጋዙን ረጭቼ ጨረስኩ እላለሁ።"

"ያየኸውስ?"

"ምን አየሁ? ጠላ እንኳ አልጠጣሁም።"

አያ ስመኘው እኔን አየኝ። ከዚያ በሩን ራሱ ከፈተው። "ቆርቆሮውን ተወው" አለ። ተስፋይ ተነሣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ሳይሮጥ፣ ወደ ኋላም ሳያይ ወረደ። ጀርባው እስኪሰወር ድረስ ተሳስቼ ይሆን እያልኩ ቆምኩ።

ወንዶቹ ቆርቆሮውን ይዘው ሲሄዱ ዶማ አነሣሁ። ጋዙን ማንም አላመነውም ነበር፤ እኔም ሳልፈራው አልቀረሁም። አፈርን ግን የሚጠረጥር የለም። ልጄን ጥላ ሥር አስቀምጬ ያን ጉድጓድ በቅርጫት እየተመላለስኩ እስኪመሽ ደፈንኩት። እጄ ተላጠ። የእንስራና የጋን ስባሪ ሁሉ ውሃ እንዳይቋጥር ደፋሁ፣ አደቀቅሁ። ጎረቤቶቼ በአጥር ቀዳዳ ያዩኝ ነበር፤ ምን እየቀበረች ነው ሳይሉ አልቀሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሦስቱ ቀን ይከብዳል። ከካምፑ አቧራ በተነሣ ቁጥር ሊያቃጥሉን መጡ እያልኩ ልጄን አቅፌ እወጣለሁ። አልመጡም። ተስፋይ ቃሉን ጠብቆልን ይሁን፣ ቆርቆሮውን መነጠቁን መናገር ፈርቶ ይሁን፣ አላውቅም። ዳግመኛ አላየሁትም። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ካምፑ ወደ ቡሬ ተነሣ። መንደሩም እኔን ይቅር አላለኝም። አያ ደሴ ንስሐ ገብቶ ከጉዳዩ ሲወጣ እኔ ግን ለጠላት ሰው ደረቷን የሰጠች ሴት ሆኜ ቀረሁ። ወንዝ ስወርድ እንስራ የሚያሸክመኝ ጠፋ። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ተንበርክኬ ብቻዬን መሸከም ተማርኩ።

አንድ ጉድጓድ መድፈን ንዳድን አላጠፋም፤ አልዋሻችሁም። በዚያ ጥቅምትም አገሩ ታመመ። አዳነች ግን ያን ዓመት አልታመመችም። ይህን ከሁሉ በፊት ልብ ያለችው የአያ ደሴ ሚስት ናት። አንድ ቀን ጠዋት አጥሩን ዞራ መጣችና ዓይኔን ሳታይ፣ "የኛንም ጉድጓድ መጥተሽ እይልን" አለችኝ። ዶማዬን ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ። ከብዙ ዘመን በኋላ መንግሥት የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ልኮ ቤት ለቤት መድኃኒት ሲያስረጭ መንደሩ በሩን ዘጋባቸው። ከፊት ከፊት እየሄድኩ በር ያስከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። የሚሸሹትን ሰዎች ግን አልተሳደብኩም። መሸሽ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ሞላ አገር ነጻ ሲወጣ በሕይወት ተመለሰ። ገና ትጥቁን ሳይፈታ የሰማውን ጠየቀኝ። አሁን ለእናንተ እንደ ጻፍኩት አድርጌ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ "እኔ ብሆን እተኩስ ነበር" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ሌላ አልተነጋገርንም። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ደግሞ አላነሣብኝም። ልክ ነሽ አላለኝም፤ አጥፍተሻልም አላለኝም። እኔም እንዲለኝ አልጠየቅሁትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መጠርጠር ይቅር ልላችሁ አልችልም። ባልጠረጥር ኖሮ የኮቴውን ዱካ አልፈልግም ነበር፤ ያቺን ጊደር አፏን አልከፍትም ነበር። የምለው አንድ ነገር ነው። የማታውቁትን ነገር ይዞ ደጃችሁ የመጣን ሰው "ለአንተስ ምን ይጠቅምሃል?" ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እስኪጨርስ አዳምጡት። ጠላትን የጠረጠራችሁትን ያህል ደግሞ የራሳችሁን ወገን ጩኸት ጠርጥሩ። ይህኛው ነው የሚከብደው። እኔን ሊያሳስተኝ ጥቂት የቀረው የተስፋይ ጋዝ አልነበረም፤ የማውቀው የጎረቤቴ ድምፅ ነበር።